አፈር ስሆን፣ ብሉ

ጓዴሉፕ ደሴት ላይ፣ ከእሳተ ገሞራው ግርጌ፣ ዝናብ ቀጠሮ በማያከብርበት አገር፣
አባቴ ቴዎዱል፣ በሙዝ እግር፣ በሙዝ እግር
እየዞረ፣ ጎንበስ ቀና እያለ፣
ነጭ ዱቄት በማንኪያ እየሰፈረ ሲበትን ዋለ።
አንድ ቀን አይደለም። ሃያ ዓመት ዋለ።

ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ።
«ለነቀዙ ስኳር ነው» ካቦው እንዲህ አለ።
አባቴም ስቆ፣ እጁን በሱሪው አበሰ፤
በዚያው እጅ ምሳውን ቆረሰ፤
በዚያው እጅ የእኔን እንባ አበሰ።

ነቀዙ ሞተ። ኩባንያው ሄደ።
ሕግ ወጣ፤ ዱቄቱ ታገደ፤
የተረፈው በርሜል በመርከብ ነጎደ።
አፈሩ ግን አልሰማም አዋጁን፣
ከጨበጠው ላይ አላነሣም እጁን።
የእሳተ ገሞራ ጭቃ ነው፤ ያቀፈውን አይለቅም፤
ቂም ቢይዝ ለልጅ ልጅ ነው፣ ከጎደሬው ሥር አይርቅም።

ጎረቤታችን ማን ኡርሲል፣ የወንዝ ዓሣ የምትወድ፣
«ማጥመድ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቢተከልባት ከመንገድ፣
ቆማ ቆማ ተመልክታ፣
«ውሃው እኮ እንደ ዱሮው ነው» አለች፣ መረቧን በትከሻዋ አንግታ።
ምን ታድርግ፤ መርዙ አይታይ፣ አይሸት፣ አይቆጠቁጥ፤
እንደ ጨዋ እንግዳ ገብቶ፣ ባለቤት ሆኖ የሚቀመጥ።

አባቴ፣ ሐኪሙ ስለ ዕጢው ሲነግረው፣
ባርኔጣውን አነሣና «ሆድ ይፍጀው» አለ፣ «ሆድ ይፍጀው።»
ሆድ ግን አልፈጀው።
እኔም ተነሣሁ፣
የሚፈጀው ሆድ ፍለጋ።

ባሕር ተሻግሬ፣ ተምሬ፣
የከተማ ፍሳሽ ከሚጠራቀምበት ገንዳ፣ አፍንጫዬን አስሬ፣
ዝቃጭ ቀዳሁ በጠርሙስ።
ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ይሳቁ።
ንጹሕ ውሃ ውስጥማ ማን ይራባል?

እዩት እስቲ መርዙን፤ ወረቀት ላይ ሲሣል ውብ ነው።
የካርቦን ጎጆ፣ ግጥም ያለ፣
በአሥር ክሎሪን፣ እንደ አሥር ሚስማር፣ የተቸነከረ፣
በር የለው፣ መስኮት የለው።
ፀሐይ አንኳኩታ ተመለሰች፤
ዝናብ አንኳኩቶ ተመለሰ።
«መቶ ዓመት፤ ምናልባት አምስት መቶ» ብለው ጠቢባን ቆጠሩለት፤
እኔ ደግሞ ለአባቴ የቀሩትን ክረምቶች ቆጠርኩለት።
ሁለቱ ቁጥሮች አይተዋወቁም።

ከጓሮው አንድ ጭብጥ አፈር ላከልኝ፣ በብስኩት ቆርቆሮ።
በጠርሙስ ጨመርኩት፤ አየሩን አስወጣሁ ጨርሼ።
ትንፋሽ ባለበት አይበሉም፤
ማዕዳቸው ጨለማ ነው።
ትንኝ እንኳ ዝሆን የሚሆንባቸው፣
ስም እንጂ ፊት የሌላቸው
ባክቴሪያዎቼን፣ ክዳኑን አጥብቄ፣
እናቴ እንግዳ እንደምትለምነው ለመንኳቸው፦

በሞቴ፣ አንዴ ብቻ፣
አፈር ስሆን፣ ብሉ።
አባቴ አፈር ሳይሆን፣
ብሉ።

ሳምንት አለፈ፤ ምንም።
ሁለተኛው ሳምንት ጠርሙሱ ጠቆረ፤ እሱም ምንም።
በአርባ ሁለተኛው ቀን ግን ማሽኑ መስመሩን ሲሥል፣
ተራራ የነበረው ዝቅ ብሎ ታየኝ ጉብታ ሲመስል።
ሚስማር ተነቅሏል። ጎጆው ተከፍቷል።
ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ መብራቱን ሳላበራ፣
እስኪነጋ ያንን ጉብታ ሳይ አደርኩ።

ፕሮፌሰሯ መጥታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አየችው።
«ጠርሙስ ደሴት አይደለም» አለችኝ።
እውነቷን ነው።
ፍርስራሹም አለ፤ ከጎጆው የተረፈው እንጨት፣
መርዝ ይሁን፣ ማገዶ ይሁን፣ ገና ያልለየሁት።
እነሱም በልተው አይናገሩ።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ።
ስለ ካርቦኑ፣ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ ፍርስራሹ፣
የማውቀውንም የማላውቀውንም ዘረገፍኩለት።
ዝም ብሎ ሰማኝ። ከበስተኋላው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
«ጠገቡ?» አለኝ።
«ገና ናቸው፣ አባዬ።»
«እንግዲያው ሌላ ልላክልሽ» አለ፣
«አፈር እንደሆነ ሞልቷል።»